ኮምፒዩተሩ ልባችንን የሚያውቀው በሰጠነው ምስል ልክ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ልብ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። የታካሚው የራሱ ምስልና ልኬት ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ የእሱን ልብ የሚመስል ልብ እንደሚሠራ፣ ሐኪሞችም ሕክምናውን መጀመሪያ እዚያ ላይ እንደሚሞክሩት ያወራል። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ማንበብ ብርቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላመስግን። ከዚያ ደግሞ ልከራከር።

ጸሐፊው ሁለት ቦታ ላይ አጋንኗል። አንደኛው «የልባችሁ ትክክለኛ ቅጂ» ያለው ነው። ሁለተኛው «ከእንግዲህ ልብ የሚመረምረው ኮምፒዩተር እንጂ ሰው አይደለም» ያለው ነው። እኔ ኢኮ ነው የምሠራው፤ የልብ አልትራሳውንድ ማለቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ፣ የሰው ልብ ስለካ ነው የምውለው። ስለዚህ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ከንክናኛለች፤ አልደብቅም።

ጋዜጣውን ያሳዩኝ አንድ ታካሚ ናቸው። ጋሼ ብቻ ልበላቸው፤ ስማቸውን ሳልጠራ ነገሩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሃርት አታክ ይዟቸው ስቴንት፣ የጠበበ የደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ገብቶላቸዋል። በግራ ጎናቸው አስተኛኋቸው፤ ግራ እጃቸውን ወደ ራስጌ አደረግኩ፤ ጄሉን ቀብቼ ፕሮቡን ጎድናቸው መሃል ጫን ሳደርገው «አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ኮምፒዩተሩ ልቤን ካወቀው፣ አንቺ ምን አድርጊ ተብለሽ ነው አጥንቴን የምትሰብሪው?» ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው እኛ ለክተን ስንነግረው ነው። አሁን ትንፋሽዎን ያውጡና ይያዙልኝ» አልኳቸው። ያዙልኝ። ማታ ግን ጥያቄያቸውን ሳሰላስለው አመሸሁ፤ ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ነው።

ጽሑፉ የዘለለውን ታሪክ በአጭሩ ልጨምር። የልብን ሴል ኤሌክትሪክ መጀመሪያ በሒሳብ የጻፉት እንግሊዛዊው ዴኒስ ኖብል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ለንደን ውስጥ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ። ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1952 ለነርቭ ያወጡትን ስሌት ወስደው ለልብ አስተካከሉት። ዩኒቨርሲቲው የነበረው ኮምፒዩተር ቀን ቀን በሌሎች ሰዎች ሥራ ስለሚያዝ ለእሳቸው የደረሳቸው ተራ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነበር። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጥሩ ወሬ ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስሌቱ ውስጥ የገቡት ቁጥሮች የመጡት ከበግ ልብ ነው። አንድ ሰው የበጉን ልብ በእጁ ይዞ፣ ቀጭን ኤሌክትሮድ ሰክቶ፣ ሲለካ ውሎ ነው ኮምፒዩተሩ ሥራ ያገኘው።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ቡልጋሪያ የተወለዱት ፕሮፌሰር ናታልያ ትራያኖቫ ከነቡድናቸው ይህንን ሥራ ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሃርት አታክ የነበረበት ሰው ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት ተወግቶ ኤምአርአይ ይነሣል። መድኃኒቱ በሞተው ጡንቻ ላይ ስለሚዘገይ ጠባሳው በምስሉ ላይ በርቶ ይታያል። ከዚያ ልቡ ኮምፒዩተር ውስጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ይሠራል። ጤነኛው ጡንቻ ለብቻው፣ ጠባሳው ለብቻው፣ በሁለቱ መሃል ያለው ግማሽ ጎዶሎ ጡንቻም ለብቻው ይቀመጣል። ዋናው ችግር ፈጣሪ ያ መሃል ያለው ነው። ኤሌክትሪኩ እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ ዞሮ ተመልሶ ራሱን ይነካና አደገኛ ምት ያስነሣል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ላይ ልቡን ከተለያየ ቦታ በኤሌክትሪክ እየነካኩ ምቱ ይበላሽ እንደሆን ያያሉ። በሕያው ሰው ላይ ቢሞከር ሊገድል የሚችል ነገር እዚያ ያለ ስጋት ይሞከራል።

በ2016 ያወጡት ጥናት የ41 ሰዎችን ልብ እንዲህ ሠርቶ ወደ ኋላ አነጻጽሯል። የትኛው ሰው አደገኛ ምት እንደሚገጥመው በመለየት ሞዴሉ፣ ይኸው የኮምፒዩተር ልብ ማለቴ ነው፣ ከተለመደው መለኪያ በልጧል። በ2019 ደግሞ የላይኛው የልብ ክፍል ምት የተዘበራረቀባቸው 10 ሰዎች ነበሩ። ሕክምናው ምቱን የሚያዘበራርቀውን ቦታ ማቃጠል ነው፤ የሚቃጠለው ቦታ መጀመሪያ ሞዴሉ ላይ ተመረጠ፤ ከዚያ ሐኪሞቹ ያንን ቦታ አቃጠሉ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን 41 ሰው ነው፤ 10 ሰው ነው። ጽሑፋችሁ እነዚህን ቁጥሮች ቢያስቀምጥልን ኖሮ አንባቢ ነገሩ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ራሱ ይፈርድ ነበር።

«ትክክለኛ ቅጂ» የሚለውም እዚህ ጋ ነው የሚፈርሰው። በ41ዱ ሰዎች ሞዴል ውስጥ የሰውየው የራሱ የሆነው ምንድን ነው? የልቡ ቅርጽና የጠባሳው ቦታ። እነዚህ ከራሱ ኤምአርአይ ተወስደዋል። የጡንቻው ክሮች አቅጣጫ ግን ከእሱ አልተለካም። የልብ ግድግዳ ክሮች ከውስጥ ወደ ውጭ ስትሄድ ቀስ በቀስ እየዞሩ የሚሄዱ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ በክሩ አቅጣጫ ይፈጥናል፤ አቋርጦ ሲሄድ ይዘገያል። ያንን አቅጣጫ በሚመታ ልብ ላይ ማየት ከባድ ስለሆነ፣ ከደረት ወጥተው ከተጠኑ ልቦች በተገኘ ደንብ ነው የሚሞላው። የሴሉ ባሕርይስ? እሱም የአማካይ ሰው ነው። ደሴ ያደግን ሰዎች የምናውቀው ልብስ ሰፊ ትከሻና ወገብ ለክቶ የቀረውን በልምድ ይቆርጥ ነበር፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ልብሱ ይሆናል፤ ያምራልም። ግን እያንዳንዱ ስፌት ከሰውነትህ ተለክቷል ብሎ የሚምል የለም።

ይህን የምለው ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም አሁን ያለንበት አሠራር ምን ያህል ድፍን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከሃርት አታክ በኋላ ደረት ውስጥ የሚቀበር፣ ልብ ሲዘባረቅ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ መሣሪያ አለ፤ ዲፊብሪሌተር ይባላል። ለማን ይደረግ የሚለው በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ነው የሚወሰነው። የግራው ታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን ያወጣል? መድኃኒት ተወስዶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት፣ አሁንም 35 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መሣሪያው ይመከራል። ይህንን ቁጥር፣ ኢኮ ሲሆን፣ የማወጣው እኔ ነኝ። ልቡ ሞልቶ ሲሰፋና ጨምቆ ሲጠብ የውስጡን ጠርዝ በማውዝ እየተከተልኩ አሰምራለሁ፤ ከሁለት አቅጣጫ። መስመሬ በትንሹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከሄደ 34 የነበረው 37 ይሆናል። ሁለት ጎበዝ ባለሙያዎች አንድን ልብ ለክተው አምስት ነጥብ ቢለያዩ ማንም አይደነግጥም። መሣሪያው ከገባላቸው ብዙዎቹ አንድም ቀን ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ። በድንገት ከሚሞቱት ደግሞ ብዙዎቹ ከ35 በላይ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ጠባሳው የት ነው፣ ምን ዓይነት ቅርጽ አለው ብሎ የሚጠይቅ ሞዴል ሲመጣ እኔ ከሚያጨበጭቡት ወገን ነኝ።

ጋሼም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። «ታዲያ ያ ኮምፒዩተር መሣሪያው ያስፈልገኝ አያስፈልገኝ ሊነግረኝ ይችላል?» እኛ ውጤት መናገር አይፈቀድልንም። ታካሚ ፊታችንን እያየ ሊያነብ ይሞክራል፤ እኛም ፊታችንን ማስተካከል ተምረናል። «ይህንን ሐኪምዎን ይጠይቋት። እስካሁን ግን በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ ነገር አይደለም፤ ገና በጥናት ላይ ነው» አልኳቸው። «እንዲያው ጋዜጣ ሲያወራ!» ብለው ሸሚዛቸውን ቆለፉ። ይህቺን ሳትከፉብኝ ተቀበሉልኝ።

አንድ ዓይነት ሞዴል ግን ከጥናት ወጥቶ ሥራ ላይ ውሏል፤ ጽሑፉ ስሙንም አላነሣውም። የልብ ደም ስር ሲጠብ ጥበቱ ደሙን ምን ያህል አግዶታል የሚለው ከመልኩ ብቻ አይታወቅም። ትክክለኛው መንገድ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ከጥበቱ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት መለካት ነው። የኋላው ለፊተኛው ተካፍሎ 0.80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ቀላል አይደለም ይባላል። ሃርትፍሎው የተባለው ኩባንያ፣ መነሻው የስታንፎርድ ምርምር ነው፣ ይህንን ቁጥር ያለ ሽቦ ከሲቲ ስካን ያሰላል። የሰውየውን የደም ስሮች ከነቅርጻቸው ኮምፒዩተር ላይ ሠርቶ ደሙን ያስፈስሰዋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ በ2014 ፈቀደለት። በእንግሊዝ አገር ናይስ የሚባለው ተቋም በ2017 ለብሔራዊው የጤና አገልግሎት መከረው።

እዚያም ቢሆን ተመልከቱ። ስሌቱ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ክንድ ላይ የሚለካ ተራ የደም ግፊት ነው። ነርሷ እጅጌውን ሳታስወልቅ፣ ወይም እያወራችሁ ከለካችው፣ የተሳሳተው ቁጥር ይዞ ይገባል። ሲቲው ከመነሣቱ በፊት ልብ እንዲረጋ መድኃኒት ይሰጣል፤ የደም ስሩ እንዲሰፋ ምላስ ሥር ሌላ ይደረጋል። ታካሚው ትንፋሹን ካልያዘ ምስሉ ይደበዝዛል። ካልሲየም የበዛበት ደም ስርም ያስቸግራል። ምስሉ ካልሆነ «አይሰላም» ተብሎ ይመለሳል። መመለሱ ራሱ ጨዋነት ነው፤ ደግ አድርገዋል። ያቺ ነርስና ያ «ትንፋሽ ያዙ» የሚለው የሲቲ ባለሙያ ግን ምርመራውን ከሚሠሩት ውስጥ ናቸው። ሰው ከነገሩ አልወጣም።

ከእኔ ሥራ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሒሳብ የምትጠሉ ታገሡኝ። ልብ በአንድ ምት ስንት ደም እንደሚያወጣ ለማወቅ፣ ደሙ ወደ ትልቁ ደም ስር የሚወጣበትን በር ስፋት እለካለሁ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ካልኩ የበሩ ስፋት 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 2.2 ካልኩ 3.80 ይሆናል። እስክሪኑ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው የተለያየሁት፤ ጠቋሚውን ንክች ማድረግ ይበቃል። ውጤቱ ግን 21 በመቶ ዘለለ፣ ምክንያቱም ልኬቱ በራሱ ይባዛል። ደሙ በአንድ ምት 20 ሴንቲ ሜትር ከተጓዘ አንደኛው 63 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 76 ሚሊ ሊትር ይላል። በደቂቃ 70 ጊዜ ለሚመታ ልብ አንደኛው 4.4 ሊትር፣ ሌላው 5.3 ሊትር ሆነ። አንደኛውን ሞዴል ውስጥ ብትከቱት ደከም ያለ ልብ ይሠራላችኋል፤ ሌላውን ብትከቱት ደህና ልብ። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም በእኩል ልበ ሙሉነት ነው የሚሠራው።

የባሰም አለ። አንዳንድ ጊዜ ልኬቱ ልክ ሆኖ እንኳ መልሱ አንድ አይሆንም። ልቡ በደንብ አልሰፋም እንበል። ጡንቻው ስለገተረ ነው? ወይስ የሚሞላው ደም ግፊት ዝቅ ስላለ? ከምስሉ ብቻ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። ግፊቱ ካልተለካ ሞዴሉ አንዱን መርጦ ይሄዳል። የመረጠውን የሚያየው መሐንዲሱ ነው፤ ታካሚው አያየውም።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ። አክስቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን እያመማት በወጉ ሳትታከም ቀርታ፣ ነገሩ ልቧ ላይ ወርዶ ሚትራል የሚባለውን ቫልቭ፣ በግራ በኩል ደም ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፍበትን የልብ በር፣ አጥብቦታል። በአገራችን ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ቦታ ኢኮ ተሠራላት። የሁለቱንም ወረቀት የአጎቴ ልጅ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንደኛው የቫልቩ ክፍተት 1.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው ይላል። ከወራት በኋላ የተሠራው 1.6 ይላል።

ጤነኛ ቫልቭ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ከባድ ጥበት ይባላል፤ ባሉን አስገብቶ የማስፋት ነገር የሚታሰበው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አንደኛው ወረቀት «ወደ ሕክምናው ግፉ» ይላል፤ ሌላው «እንከታተል» ይላል። የጠበበ ቫልቭ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ አይሰፋም። ከሁለቱ አንዱ ስቷል። የቱ?

ይህንን ለማወቅ ምስሉን ማየት ብቻ ነው። ክፍተቱ የሚለካው በቫልቩ ቅጠሎች ጫፍ ላይ ነው፤ በጣም የጠበበው እዚያ ነው። የአልትራሳውንዱ መስመር ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆረጠ ክፍተቱ ሰፍቶ ይታያል። ወይም ደግሞ በዶፕለር፣ ማለትም ከደሙ ፍጥነት፣ የተሰላ ይሆናል፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለው። ክሊፑ ቢኖረኝ መስመሩ የት እንዳለፈ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። «ምስሉን ላኩልኝ» አልኳቸው። የአጎቴ ልጅ ጠይቆ መጣ። የመጀመሪያው ቦታ «ማሽኑ ሲሞላ እናጠፋዋለን» አሉት። ሁለተኛው ቦታ «ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ» አሉት። የለም እኮ! ወረቀቱ ላይ ያለው የአንድ ሰው ፍርድ ነው። ምስሉን ማንም ደግሞ ሊለካው ይችላል፤ ወረቀቱን ግን ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው። አክስቴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ እንደገና ልትታይ ሆነ፤ እንደገና ከፍላ። የሠሩላትን ሰዎች አልወቅስም፤ ምናልባት ሁለቱም ከእኔ የተሻሉ ናቸው። የምቆጨው ሥራቸው መጥፋቱ ነው።

የጋዜጣችሁ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «ይህ ቴክኖሎጂ ለአገራችንም ተስፋ ነው» ይላል። እስቲ እንነጋገርበት። ከላይ ያነሣኋቸው ሞዴሎች የሚያጠኑት የሃርት አታክ ጠባሳን፣ የላይኛው ክፍል ምት መዛባትን፣ የደም ስር ጥበትን ነው። ገንዘብና ኤምአርአይ ያለባቸው አገሮች ሕመም ይህ ነው። የአክስቴ ዓይነት የቫልቭ ሕመም የድሃ አገር ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን የሚይዝ ነው። ለእሱ ሞዴል የሚሠራ ሰው ቢነሣ መነሻው የታካሚዎቹ ምስል ነው። ያ ምስል ደሴም ጎንደርም ማሽን ሲሞላ እየጠፋ ከሆነ በምን ይሠራዋል? እርግጥ ነው፣ ሕመሙ እንዳይመለስባት በየወሩ የምትወጋውን ፔኒሲሊን ላጣች ልጅ እኔ ሞዴል አልመኝላትም፤ መርፌውን ነው የምመኝላት። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ ባስጀመሩት የልብ ማዕከል ደጅ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሕፃናት ወላጆችም መጀመሪያ የሚፈልጉት ተራቸው እንዲደርስ ነው። ግን ምስል ማስቀመጥ ከእነዚህ አንዱንም አይሻማም።

ወጪው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ሙሉ የተለመደ ኢኮ በአብዛኛው ከአንድ ጊጋባይት አይበልጥም። አንድ ቴራባይት የምትይዝ ሃርድ ዲስክ ወደ ሺህ የሚጠጋ ሰው ልብ ትይዛለች። ኢኮ ማሽኑን የገዛ ክሊኒክ ይህቺን መግዛት አያቅተውም። ዋናው ነገር ክሊፑ ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስል ዓይነት መቀመጡ ነው። ማሽኖቹ ይህንን ይችላሉ፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መምረጥ ነው። እስክሪኑን በስልክ ማንሣት አይተካውም፤ በፎቶው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ ኮምፒዩተሩ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ከምስሉ ጋር ቁመት፣ ክብደትና በዚያ ሰዓት የተለካው የደም ግፊት ቢጻፍ ደግሞ እሰየው ነው። ብዙ ጊዜ ግፊቱ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ነው የማየው፤ እዚህ አሜሪካም ጭምር።

«ምስላችን ማን እጅ ይገባል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃን ለየት ያለ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ወገን መድቦታል። ስም ተነሥቶ፣ ፈቃድ ተጠይቆ ለጥናት የሚውልና ዝም ብሎ በፍላሽ የሚዞር ምስል አንድ አይደሉም። ግን መፍራቱ ማጥፋትን አይፈቅድም። የጠፋ ምስል ከሌባም ተጠብቋል፤ ከሐኪምም ተጠብቋል።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሂፓ የሚባለው ሕግ የሕክምና መረጃችሁን ቅጂ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ ምስሉንም ጭምር። ወላጆቻችሁን ወደ ቀጠሮ የምትወስዱ ልጆች፣ ከምርመራው በኋላ መዝገብ ክፍል ጎራ በሉና «ሪፖርቱንም ምስሉንም በሲዲ» በሉ። «ምስሉን» የሚለውን ካልጨመራችሁ ወረቀት ብቻ ይሰጧችኋል። ትንሽ ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለሌላ ሐኪም ቀጥታ ይላክ ካላችሁ ግን ብዙ ቦታ በነጻ ያደርጉታል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። አንዳንዱ ቦታ ይሰጣል፤ ሠሪውም ደስ ይለዋል፤ ልፋቱን የሚያይለት ሰው ተገኘ ማለት ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ስትሄድ ፍላሽ አስይዘናታል። ሠሪዋ ልጅ ሳትጠየቅ ክሊፖቹን ከነስማቸው ለይታ ገልብጣላታለች። ቫልቩን በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ነው የቆረጠችው፤ 1.2 ነው፤ እኔም ደግሜ ስለካው ያው ነው የመጣልኝ። አሁን ባሉኑ የሚሠራበትን ቀን እየጠበቀች ነው።

የልብ አልትራሳውንድ ባለሙያ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ